እጄን ያቃጠለኝ የሳሙናው ፒኤች ነው?

ጥያቄ፦ ጅማ መርካቶ አካባቢ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ሲኒ ሳጥብ ነው የምውለው፤ የማጥበው በልብስ ሳሙና ነው። እጄ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ውሃ ሲነካው ያቃጥለኛል። ጓደኛዬ «የሳሙናው ፒኤች በዝቶብሽ ነው፣ ሎሚ ቀቢበት» አለችኝ። እውነቷን ነው?

መልስ፦ ስለ ሳሙናው እውነቷን ነው። ሎሚውን ግን ለሰላጣ ይተዉት።

ፒኤች የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ ነው። ንጹሕ ውሃ 7 ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካሊ። የጤነኛ ቆዳ ገጽ 5 አካባቢ ነው። ከዘይትና ከኮስቲክ ሶዳ የሚሠራ ደረቅ ሳሙና ግን 9 ወይም 10 ይደርሳል፤ የልብስ ሳሙና አንዳንዴ ከዚያም ያልፋል። በዚህ መለኪያ የአንድ ቁጥር ልዩነት 10 እጥፍ ስለሆነ ከ5 እስከ 10 ያለው ርቀት 100,000 እጥፍ ነው። ቀላል አይደለም!

ቆዳችን ውሃ እንዳያመልጠው የሚከላከልለት ቅባት አለው። ቅባቱን የሚያዘጋጁት ኢንዛይሞች (በሰውነት ውስጥ ሥራ የሚያቀላጥፉ ፕሮቲኖች) ደህና የሚሠሩት አሲድ ውስጥ ነው። አልካሊው ሲበዛ እነሱ ይለግማሉ፤ የቆዳ ሴሎችን ማያያዣ የሚበጣጥሱት ሌሎች ኢንዛይሞች ደግሞ ይበረታሉ። ጤነኛ እጅ አንዴ ቢታጠብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። የእርስዎ ግን ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሳሙና ውስጥ ስለሚገባ ፋታ የለውም። ዝናብ በማያጣት ጅማ ደግሞ በአየሩ ድርቀት ማሳበብ ይከብዳል።

ሎሚ ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው። የተሰነጠቀ እጅን ያንገበግባል። ተቀብተው ፀሐይ ላይ ከወጡ ውሃ የቋጠረ ቁስልና ጥቁር ምልክት ሊያመጣብዎት ይችላል።

ፒኤች ብቻውን ግን ጥፋተኛ አይደለም። ፒኤቻቸው ልከኛ ሆኖ ሳለ የቆዳን ቅባት ጠራርገው የሚወስዱ ፈሳሽ ሳሙናዎች አሉ። እጅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ መዋሉም ራሱን የቻለ ጉዳት ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ሳሙና ከመቀየሬ በፊት የጎማ ጓንት እገዛ ነበር። ከውስጥ ስስ የጥጥ ጓንት ቢደርቡበት ላቡን ይመጥልዎታል። እጅዎን በታጠቡ ቁጥር እርጥበቱ ሳይጠፋ ሽቶ የሌለው ቫዝሊን ይቀቡ፤ ማታ ወፈር አድርገው።

ለራስዎ መታጠቢያ «ፒኤች 5.5» የሚል ማጽጃ ካገኙ ጥሩ ነው፣ ዋጋው ካልከበደዎት። «ለሕፃናት» ወይም «ግሊሰሪን» የሚለው ጽሑፍ ግን አያታልልዎት፤ ከደረቆቹ ብዙዎቹ ያው አልካሊ ናቸው። በረኪና በባዶ እጅ በፍጹም አይንኩ።

በዚህ ሁሉ በሁለትና ሦስት ሳምንት ካልተሻለዎት፣ ወይም መግል ከያዘ፣ እዚያው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሄደው ይታዩ። ማሳከኩ ማታ ማታ የሚብስ፣ በጣቶችዎ መሐል ሽፍታ ያለና ቤተሰብም የሚያክከው ከሆነ ግን ሳምንታት አይጠብቁ። እከክ ሊሆን ይችላል፤ እከክ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል።