ሳጥኑን ክፈተው

ሰሞኑን አንድ የምህንድስና ተማሪ «ጋሼ፣ የሾርት 184 አውሮፕላን ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል ገዝቻለሁ፤ መጀመሪያ ግን አራት አምስት ቀላል ቀላሉን ሠርቼ እጄን ላፍታታ ብያለሁ፤ ልክ ነኝ?» ብሎ ጻፈልኝ። መመለስ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን ጽፌ አጠፋለሁ፣ ጽፌ አጠፋለሁ። ለካ ልጁ ሳያውቅ ቁስሌን ነክቶኛል።

ለማታውቁት፣ ሾርት 184 በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የተገለገለበት፣ ከውኃ ተነስቶ ውኃ ላይ የሚያርፍ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ነው። ከ900 በላይ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1915 ቻርልስ ኤድመንድስ የተባለ አብራሪ በቱርኩ የዳርዳኔልስ የባሕር ሰርጥ ዘመቻ በዚህ አውሮፕላን ቶርፒዶ፣ ማለትም ውኃ ውስጥ እየተምዘገዘገ መርከብ የሚመታ ቦምብ፣ ጥሎ አንዲት የቱርክ መርከብ መታ። ከአየር በተጣለ ቶርፒዶ መርከብ ሲመታ የመጀመሪያው ነው ይባላል፤ መርከቧ ቀድማ በሰርጓጅ ተመትታ ነበር የሚሉም አሉ። እኔ የምወደው ግን ዴከር የተባለውን የሌላውን አብራሪ ታሪክ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ሞተሩ አስቸገረውና ባሕሩ ላይ አረፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ነፍሴ አውጭኝ ይል ነበር። እሱዬው ውኃው ላይ እየነዳ ሄዶ ቶርፒዶውን ለቀቀና አንዲት ጎታች መርከብ መታ። ከዚያ ሸክሙ ቀለለለትና ተነስቶ በረረ። ቶርፒዶ ሲያነግቡት እኮ ከክብደቱ የተነሳ ሁለተኛውን ሰው መሬት ትቶ ነበር የሚሄደው።

እኔ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነበርኩ። በወጣትነቴ ለኮርስ እንግሊዝ አገር ተልኬ ከውሎ አበሌ ቆጥቤ የገዛሁት ይሄንኑ ሞዴል ነው፤ መጠኑ 1 ለ72። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 19 ሜትር ከምናምን ነው፤ በሞዴሉ 27 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ባለቤቴ ሻንጣውን ስትከፍት «ለማን ልጅ ነው?» አለች። ልጅ ገና አልነበረንም። ማታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየሁትና መልሼ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት።

ለምን ብትሉ፣ በክንፎቹ መሃል ያለው ሽቦ ብዛት አስፈራኝ። መጀመሪያ ጥሩ መብራት ልግዛ አልኩ። ከዚያ ጥሩ ወረንጦ። ከዚያ ባለ አንድ ክንፎቹን ልለማመድባቸው። ተለማመድኩባቸው፤ መደርደሪያ ሞላሁ። ሾርቱ ግን እዚያው ላይ ነው። ልጆች ተወለዱ፣ ቤት ቀየርን፣ ሳጥኑ አብሮን ዞረ፣ ላዩ ላይ ሻንጣ ተጫነበት። ሃንጋር ውስጥ አንድ አለቃ ነበረን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሴፍቲ ዋየር፣ ማለትም ብሎን እንዳይፈታ የሚታሰርበትን ሽቦ፣ ስንጠመዝዝ አንድ ቦታ ከላላ ምንም ሳይናገር ቆርጦ መዳፋችን ላይ ያስቀምጥልናል። ደግመህ ሥራ ማለቱ ነው። ለአውሮፕላን ትክክል ነው፤ ሰው ይሳፈርበታል። እኔ ያንን ፍርሃት ይዤ ቤት ገባሁ፣ ማንም ለማይሳፈርበት ፕላስቲክ።

ጡረታ ስወጣ ከፈትኩት። አንደኛው ተንሳፋፊ እግር ከሻንጣው ክብደት ጎብጧል። እሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ አቀናሁት። በውኃ ተነክረው የሚለጠፉት ምልክቶች ግን ቢጫ ሆነዋል። የመጀመሪያውን ውኃ ውስጥ ሳስገባው እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ብትንትኑ ወጣ። ብሩሽ ይዤ ስብርባሪ ስለቅም አመሸሁ። ይሄም ይሁን፤ ዓይኔስ? በሽቦው ፋንታ የሚወጠረውን ክር በመነጽር ላይ አጉሊ ጨምሬ ነው የማየው፤ እጄም ይንቀጠቀጣል። ሠርቼዋለሁ፣ ቆሟል። በሠላሳ ዓመቴ ብሠራው የሚሆነውን ግን አልሆነም፤ እሱ ነው የሚቆጨኝ።

ስለዚህ የኔ ልጅ፣ አሁኑኑ ክፈተው። የዛሬ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር አላችሁ፤ ሰው ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ሌሊቱን ሙሉ ታዩና መቁረጫ ሳትነኩ ትተኛላችሁ። እጅ በማየት አይፈታም። (ቢጫ የሆኑትን የቀሩ ምልክቶች መስኮት ላይ ለጥፌ ፀሐይ እንዲያነጣቸው፣ ከዚያም ላያቸው ላይ ቫርኒሽ እንድነፋ ያስተማረኝ ግን የእህቴ ልጅ ያሳየኝ ቪዲዮ ነው። እሺ፣ ተሸነፍኩ።)

ሌላም ልቃረን፦ ሽቦውን መጀመሪያ አንድ ርካሽ ባለ ድርብ ክንፍ ላይ ሞክር። አንድ ብቻ! አምስት አላልኩም። ስለ ሙጫና ስለ ቀለም አልነግርህም፣ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። ክንፉ ላይ ግን ጨርቁ በየአጥንቱ መሃል ረግቦ ከተቀረጸ በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ ቀንሰው። ጨርቅ የተወጠረ ክንፍ በእጄ ጠግኛለሁ፤ ከበሮ ነው፣ እንዲያ አይረግብም። ሁለቱን ተንሳፋፊ እግሮች የሚያያይዙት ዘንጎች ወደ ላይ የጎበጡት ደግሞ ለቶርፒዶው ቦታ ለመስጠት ነው፤ ፕላስቲኩ ተበላሽቷል ብለህ እንዳታቀናቸው።

ክሩን በተመለከተ፣ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ውሰድ። ቀዳዳዎቹን ክንፎቹ ሳይገጠሙ ብሳቸው፤ በኋላ መሰርሰሪያው አይገባልህም። ከላይ በሱፐር ግሉ አስይዘህ በታች ጎትተህ አውጣና ቆንጥጠህ ያዝ። ከረገበብህ ሰንደል ለኩስና ፍሙን ሳታስነካ ከሥሩ አሳልፈው፣ ራሱ ይወጠራል። ካስነካኸው ይበጠሳል፤ ያኔ ያንኑ ቀዳዳ እንደገና መብሳት ነው።