የጎማ ጎን ቁመት፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሥራዬ ጎማና ሰስፔንሽን (የመንገዱን ምት የሚያለዝቡት ሞላና ሾክ አብዞርበር) ነው። ሰሞኑን የሚበዛው ጥያቄ ከቸርኬው እስከ ጥርሱ ስላለው የላስቲክ ክፍል ነው፤ የጎማው ጎን ሲያጥር ወይም ሲረዝም መኪናው ላይ ምን ይለወጣል? ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ እያደረግኩ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጎማዬ ላይ 205/55 አር 16 ይላል። ጎኑ 55 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። 205 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 55 ግን መቶኛ ነው፤ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 55 በመቶ ነው ማለት ነው። 205 በ0.55 ሲባዛ 113 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። 16ቱ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ስለዚህ 55 የተጻፈበት ጎማ ሁሉ ጎኑ እኩል አይደለም። 255/55 ብትወስድ 140 ሚሊሜትር ነው። ሰው ሁለተኛውን ቁጥር ብቻ እያየ ሲያወዳድር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጎኑ ረጅም የሆነ ጎማ ለምን ይመቻል? ላስቲኩ ስለበዛ ነው?

መልስ፦ ላስቲኩ ያን ያህል አይደለም። መኪናውን የተሸከመው ውስጥ የታመቀው አየር ነው፤ ጎኑ ደግሞ አየሩ ሥራውን እንዲሠራ የሚተጣጠፍለት ግድግዳ ነው። ጎማ በራሱ ሞላ ነው፤ የሰስፔንሽኑም የመጀመሪያው ክፍል እሱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መንገድ መለየት ያስፈልጋል። ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ የሚል መንገድ ላይ ሥራውን የሚሠራው ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ነው፤ ጎማ ብትቀይርም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስንጥቅ፣ የተሰበረ የአስፋልት ጠርዝ፣ ድንጋይ፣ ኮረኮንች ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምቱ በቅጽበት ይመጣል፤ ቸርኬውና ፍሬኑ ከባድ ስለሆኑ ሞላው እነሱን ከፍ እስኪያደርግ ጊዜ ይፈልጋል። ያንን ምት ቀድሞ የሚውጠው ጎማው ብቻ ነው። የሚታጠፍበት ቦታ ካጣ የተረፈው ወደ ቸርኬው፣ ከዚያ ወደ ቦዲው፣ ከዚያ ወደ ወገብህ ይሄዳል። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ያለው መኪና ለስላሳ አውራ ጎዳና ላይ ምንም የማይል፣ የተቦጫጨቀ መንገድ ላይ ግን የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከ16 ወደ 18 ኢንች ባሳድግ መኪናዬ መንገድ ይበልጥ አይይዝም? ሁሉም ሰው “ይጣበቃል” ይላል።

መልስ፦ የሚሰማቸው ነገር እውነት ነው፤ ስሙን ግን አሳስተውታል። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ሙሉ ዲያሜትር እንዳይለወጥ ጎኑ ያጥራል። መሪ ስታዞር መጀመሪያ የሚዞረው ቸርኬው ነው። ቀጥሎ ጎኑ ይጠመዘዛል፣ በመጨረሻ መሬት የነካው ጥርስ ይከተላል። ጎኑ ሲረዝም በዚህ መሐል ትንሽ መዘግየት አለ፤ ሲያጥር መኪናው ወዲያው ይታዘዛል። ሹፌሩ ይህንን ፈጣን ምላሽ “መያዝ” ይለዋል።

መያዝ ግን በዋናነት የሚመጣው ከጥርሱ የላስቲክ ዓይነት ነው፤ የጎማው ስፋትና ንፋሱም ድርሻ አላቸው። ርካሽ 18 ኢንች ጎማ ጥሩ 16 ኢንች ጎማን በፍሬንም ሆነ በኩርባ ሊበልጥ አይችልም፤ ቸርኬው ምንም ያህል ቢያምር። ደግሞ መንገዱ ሸካራ ከሆነ አጭር ጎን ያለው ጎማ ይነጥራል፤ ሲነጥር መሬት አልነካም ማለት ነው፣ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ አይይዝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ረጅም ጎን ያለው ጎማ አቅሙ ሊያልቅ ሲል ቀስ ብሎ ይነግርሃል፤ መኪናው ይወዛወዛል፣ መሪው ይለሰልሳል። አጭሩ አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይሄድና በድንገት ይለቃል። ለተራ ሹፌር የቱ ይሻላል ብትለኝ፣ ቀድሞ የሚነግረኝን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የእሽቅድምድም መኪኖች ለምን አጭር ጎን ይጠቀማሉ?

መልስ፦ ሁሉም አይደሉም። ፎርሙላ ዋን እስከ 2021 የሮጠው በ13 ኢንች ቸርኬ ነበር፤ የጎማው ጎን ወፍራምና ረጅም ነበር። ሰስፔንሽናቸው እጅግ ደረቅ ስለነበር ከመተጣጠፉ ብዙውን የሚሠራው ጎማው ነበር። ወደ 18 ኢንች የተሻገሩት በ2022 ነው፤ ያኔ ጎማው ሲሠራው የነበረውን ሥራ ወደ ሰስፔንሽኑ ማዛወር ግድ ሆነባቸው። በቀጥታ መስመር ብቻ የሚወዳደሩት ድራግ መኪኖች ደግሞ ሲነሱ ጎማቸውን ተመልከት፤ ጎኑ እንደ ጨርቅ ይጨማደዳል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ የሞተሩ ኃይል በአንዴ ጥርሱ ላይ እንዳያርፍና ጎማው እንዳይሽከረከር ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ቸርኬውን ሳልቀይር ጎኑ ከፍ ያለ ጎማ ባስገባስ? ከ205/55 ወደ 205/65 ለማለት ነው።

መልስ፦ ምቾት ታገኚያለሽ፣ መኪናውም 20 ሚሊሜትር ያህል ከመሬት ከፍ ይላል። ግን የጎማው ሙሉ ዲያሜትር ከ632 ወደ 673 ሚሊሜትር ይዘላል፤ 6.5 በመቶ ገደማ ነው። የፍጥነት መለኪያሽ ትክክል ነው ብንል፣ 100 ሲያሳይሽ በእውነት ከ106 በላይ እየሄድሽ ነው። የኪሎሜትር ቆጣሪውም ከሄድሽው ያነሰ ይመዘግባል። መኪናው ሲነሳ ይከብደዋል፤ መሪ እስከ ጫፍ ሲዞር ጎማው የውስጥ ሽፋኑን ሊፍቅ ይችላል። ከፋብሪካው ዲያሜትር 3 በመቶ በላይ አትራቂ።

ዲያሜትሩን ሳይነኩ ጎኑን መለወጥ የሚቻለው ቸርኬውን አብሮ በመለወጥ ነው። 195/65 አር 15፣ 205/55 አር 16፣ 225/45 አር 17 እና 225/40 አር 18 ዲያሜትራቸው ሁሉም ከ632 እስከ 637 ሚሊሜትር ውስጥ ነው። ጎናቸው ግን 127፣ 113፣ 101፣ 90 እያለ ይወርዳል። ከ15 ወደ 18 የሄደ ሰው 37 ሚሊሜትር መተጣጠፊያ አጥቷል።

ጥያቄ፦ ጎኑ አጭር ስለሆነ ንፋሱን ቀነስ አድርጌ ባለሰልሰውስ?

መልስ፦ በፍጹም! ከሁሉም የከፋው መፍትሔ ይህ ነው። አጭር ጎን የያዘው አየር ትንሽ ስለሆነ በንፋሱ ላይ ይበልጥ ጥገኛ ነው። ንፋሱ ሲቀንስ ጎኑ ከመጠን በላይ ይተጣጠፋል፣ ይሞቃል፣ በፍጥነት ላይ ሊፈነዳም ይችላል። ጉድጓድ ሲያገኝ ደግሞ ቸርኬው ራሱ መሬት ይመታል። በዓይን ማየትም አያዋጣም፤ ንፋስ የጎደለው አጭር ጎማ ሙሉ መስሎ ይታያል። መለኪያ ግዛ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለካ። ከፋብሪካው ጋር ለመጣው ጎማ የሚሆነው የንፋስ ቁጥር በአብዛኞቹ መኪኖች የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል።

የጭነት ቁጥሩንም እዩ። 205/55 አር 16 ብዙ ጊዜ 91 የሚል አለው፤ አንድ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። መደበኛው 225/40 አር 18 ግን 88 ነው፤ 560 ኪሎ። ሰፊ ስለሆነ ይበልጥ የሚሸከም ይመስላል፣ ግን አይደለም። ኤክስ ኤል የሚል ምልክት ያለው (ለበለጠ ጭነት የተጠናከረው) ወደ 92፣ ማለትም 630 ኪሎ ይደርሳል፤ ያንን የሚሸከመው ግን ከፍ ያለ ንፋስ ተሞልቶ ነው፣ ይህም ያው ምቾቱን ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ጉድጓድ ከመታሁ በኋላ ጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣ። ጎሚስታው “ይለጠፋል” አለኝ።

መልስ፦ አይለጠፍም። ጎማው በቸርኬውና በጉድጓዱ ጠርዝ መሐል ተቆንጥጦ ውስጡ ያሉት ክሮች ተበጥሰዋል፤ አሁን አየሩን የያዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። ዛሬውኑ ስኮርታ አስገባ፣ ያኛውን ጣለው። ቸርኬውም ጎብጦ እንደሆነ አስፈትሽ። (ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቀጭን መስመር ብቻ ከሆነ ግን አትደንግጥ፤ አብዛኛውን ጊዜ ክሮቹ የተደራረቡበት መገጣጠሚያ ነው።)

ጥያቄ፦ ነዳጅና ጉልበት ላይስ ለውጥ አለ?

መልስ፦ አለ። ትልቅ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ይከብዳል፣ ብረቱም ከመሐሉ ርቆ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከመሐል የራቀን ክብደት ማሽከርከርም ማቆምም ይከብዳል። ሞተሩ ትንሽ ከሆነ ስትነሱ ይታወቃችኋል።

ጥያቄ፦ ድምፁስ?

መልስ፦ ድምፅ ከጎኑ ቁመት ይልቅ የጥርሱ አቆራረጥ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ አሸዋና ጭቃ ላይ እነዳለሁ። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ያለ ክርክር ረጅሙ። አሸዋ ላይ ንፋስ ሲቀነስ ጎማው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይረዝማል፤ መሬት የሚነካው ቦታ ስለሚሰፋ አይሰምጥም። አጭር ጎን ላይ የሚቀነስ ነገር የለም። አስፋልት ላይ ከመውጣትዎ በፊት ግን መልሰው ይሙሉት፤ ከላይ ያልኩት መሞቅ እዚህም አለ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ራን ፍላት ጎማ አለው። ጎኑ አጭር አይደለም፣ ግን ይደርቃል። ለምን?

መልስ፦ ጎኑ ራሱ ተጠናክሮ የተሠራ ስለሆነ ነው። ንፋስ ቢያልቅበትም ብዙዎቹ በሰዓት ከ80 ኪሎሜትር ሳያልፉ 80 ኪሎሜትር ያህል እንዲያደርሱ ሆነው ነው የተሠሩት። ያ ጥንካሬ በየቀኑ ወንበርህ ድረስ ይሰማሃል። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ተራ ጎማዎችም ቢሆኑ የጎናቸው ጥንካሬ ሊለያይ ይችላል።

ጥያቄ፦ መኪናውን ስገዛ 18 ኢንች ነበረው፣ ወገቤን ጨርሶኛል። ወደ 16 ብወርድ ያዋርደኛል?

መልስ፦ ማን ያዋርድሃል ወንድሜ! እኔን ከጠየቅከኝ፣ ፋብሪካው ለሞዴሉ ከፈቀዳቸው መጠኖች ትንሹ ቸርኬ ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ነው። ጎማው ይረክሳል፣ ቸርኬው ከጉድጓድ ይተርፋል፣ መኪናው ይለሰልሳል። አንድ እንቅፋት ብቻ አለ፤ ትልልቅ ፍሬን ያላቸው ሞዴሎች ላይ 16 ኢንች ቸርኬ ፍሬኑን አያልፈውም። ስለዚህ ጎማ ሳታስገባበት ባዶውን ቸርኬ እሰር፣ በእጅህ አንድ ዙር አዙረው፤ ካልነካ ግዛ።