አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ጋሼ፣ የቱን ታሪክ ልመን? አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ ይላል፣ ግራ ገባኝ» ብሎ ጻፈልኝ። የታሪክ አስተማሪ ስለነበርኩ ነው። የመጻሕፍት ዝርዝር ልልክለት ቁጭ አልኩ። አንድ ስኒ ቡና ትዝ ብሎኝ እጄ ታሰረ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ተጀመረ። እኔ በቀጣዩ ዓመት ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ተመደብኩ። «ጭቁን»፣ «እኩልነት»፣ «ሰፊው ሕዝብ» ከአፌ የማይጠፋ ጎረምሳ ነበርኩ። ከተማሪዎቼ አንዱ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ ናቸው፣ ጣና ዳር ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ ሕዝብ። ታንኳ የሚሠራበትን ሸምበቆ መሰል ተክል፣ ደንገልን፣ ሲያስር የኖረ ጣታቸው እርሳስ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። «ጣ»ን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። «በ‹ታ› እንጀምር አባባ፣ ታንኳ በ‹ታ› ነው» ብላቸው፣ «መጀመሪያ ጣና ነው እንጂ፣ ታንኳው ምን ላይ ሊቆም?» አሉኝ።

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ቤታቸው ወሰዱኝ። ደጁ ላይ ግማሹ የታሰረ ታንኳ ተጋድሟል። ያኔ እምቦጭ የሚባል ነገር የለም፣ ዳር ዳሩ ሁሉ ደንገል ነው። ቆርጠው ያደርቁታል፣ በእቅፍ በእቅፍ ያስሩታል። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ሲከብድ አውጥተው ፀሐይ ያሞቁታል፣ እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አይቆይም። ይህን ሁሉ ሲያስረዱኝ አስተማሪው እሳቸው ነበሩ፣ እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። ከዚያ ባለቤታቸው ቡና ቀዱ። ስኒው ጠርዙ ላይ ተሸርፏል። አጠቡት፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ትንሹ ልጃቸው በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ይቅርታ እናቴ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አፌ አልገባም ነበር።

ለምን እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ጉማሬ ይበላሉ ተብሎ ከነሱ ጋር አብሮ መቁረስ ነውር ነበር። ክርስቲያኑ አይቀርባቸው፣ ሙስሊም ነን ሲሉ ሙስሊሙም ይሸሻቸው ነበር። መሬት ላራሹ ብዬ ሰልፍ የወጣሁ፣ የየካቲት 1967ን የመሬት አዋጅ ሰምቼ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። አፌ የአብዮቱ ነበር፣ ጉሮሮዬ ግን የእናቴ።

ሽማግሌው ስኒውን ተቀብለው ራሳቸው ጠጡት። ስለ ንፋሱ ማውራት ጀመሩ። በማግስቱ ትምህርት አልቀሩም።

እንግዲህ ለዚያ ልጅ ምን ልበለው? አንብብ አልለውም፣ እሱን ያውቀዋል። የዛሬ ልጆች ስለ አፄ እገሌ ስልካችሁ ላይ ስትሰዳደቡ ታድራላችሁ፣ የጓሮ ጎረቤታችሁን ስም ግን አታውቁም። (እኔም ባለፈው ሳምንት ከማላውቀው ሰው ጋር መብራት እስኪጠፋ ስከራከር አምሽቼ ልጄ ስቃብኛለች።) ጣና ላይ ወዳለው ደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ሂዱ። የነአፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የነአፄ ፋሲል አፅም እዚያ ነው። ደሴት ነው፣ ድልድይ የለውም። በምን ተሻገሩ? ታንኳውን ማን አሰረው? ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ይህን አንድ ቀን እንኳ ክፍል ውስጥ አንስቼው አላውቅም። ነገደ ወይጦ የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው፣ ጠፍቶ በአማርኛ እንደቀሩ ያወቅኩትም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አፍንጫዬ ሥር!

ዘመቻው ካለቀ ከዓመታት በኋላ አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ወደዚያው ሄድኩ። ሽማግሌው አልፈዋል። ልጃቸው ጎልምሶ ደንገል ሲያስር አገኘሁት። አወቀኝ። ተነስቶ ተቀበለኝ፣ በርጩማ አወጣልኝ፣ ቡናውን ተቀብሎ አመሰገነ። እስኪመሽ አወራን። ውስጥ ቡና ሲወቀጥ ይሰማኛል፣ ሽታውም ደጅ ድረስ መጥቷል። ልነሳ ስል፣

«ለእርስዎ አላስቀዳሁም» አለኝ፣ «እርስዎ ጠጥተው ነው የሚመጡት።»

አልቀለደም።