«ጥቁር ቀዳዳ» ወይስ «ጥቁር ጉድጓድ»?

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፍልዎ። በጀመርኩት የሳይንስ ልብ ወለድ ውስጥ «ግዙፉ ኮከብ ፈርሶ ጥቁር ቀዳዳ ሆነ፤ ከ40 የብርሃን ዓመት በፊት የነበሩትንም ከዋክብቶች መጠጣቸው» የሚል አለ። ጓደኛዬ «ጉድጓድ በል» ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ሁለቱም ሲነገሩ ይሰማሉ፤ ቀዳዳ ግን ወዲያ ማዶ የሚያሳልፍ ነው። የመርፌ ቀዳዳ፣ የጣሪያ ቀዳዳ እንላለን፤ በቀዳዳ ይሾለካል። ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ይቀራል፤ ከዚህ የሰማይ አካልም ብርሃን እንኳ አያመልጥም። ቀዳዳን ለሌላ ያቆዩት፦ መንኮራኩርዎ እዚህ ገብታ ሌላ ጋላክሲ ውስጥ ብቅ የምትልበት መተላለፊያ ካለዎት እሱ ነው «የትል ቀዳዳ»።

ቃሉ የሙያ ስም ስለሆነ «ጥቁር ጉድጓዱ» ይበሉ። «ጥቁሩ ጉድጓድ» ካሉ ነጩ የታለ ያሰኛል። እናንተም ጋ ስለ ወንዙ ስታወሩ «ጥቁር ውሃን ተሻገርኩ» እንጂ «ጥቁሩን ውሃ ተሻገርኩ» የሚል የለም።

ከዚህ የሚብሰው «ፈርሶ» ነው። ቤት ሲፈርስ ፍርስራሹ ተበትኖ ይታያል፤ ትዳርም፣ ውልም ይፈርሳል። ካብ ደግሞ ወደ ውጭ ይናዳል። ከሥሩ ደጋፊ ሲያጣ በራሱ ላይ ወደ ውስጥ የሚወድቅ ነገር ግን ይደረመሳል። የሐዋሳ ሐይቅ የተኛበት ሰፊ ገበቴ ራሱ፣ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የቀለጠ አለቱን ተፍቶ ከሥሩ ባዶ ሲሆን የተደረመሰ መሬት ነው። ኮከቡም እንዲሁ ነው፦ እምብርቱ ብረት ከሆነ በኋላ የሚደግፈው ጉልበት አያመነጭም፤ የእምብርቱ ክብደት ከፀሐይ 1.4 እጥፍ ገደማ ሲያልፍ ከ1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደረመሳል። ብዙ ጊዜ የውጭው ሽፋን በዚያው ይፈነዳል። ስለዚህ ባለቤቶቹን ይለዩ፤ የተደረመሰው እምብርቱ፣ የፈነዳው ሽፋኑ። ደግሞም የተደረመሰ ሁሉ ጥቁር ጉድጓድ አይሆንም። ቀለል ያለው ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የኒውትሮን ኮከብ ሆኖ ይቀራል፤ ከሐይቃችሁ ርዝመት ብዙም አይበልጥም።

«መጠጣቸው» የሚለው ብርቱካን ያስታውሳል፤ ጉድጓዱን አፍ ያወጣለታል። ጥቁር ጉድጓድ ይስባል፤ ከሩቅ ሲሆን ግን የሚስበው ያንኑ ያህል ክብደት ያለው ኮከብ ከሚስበው አይበልጥም። በፀሐይ ቦታ እኩል ክብደት ያለው ቢተካ ብርዱ ይገድለናል እንጂ ምድር ምህዋሯን አትለቅም። «ዋጠ» የሚለውን አድማሱን፣ ማለትም ካለፉት መመለስ የሌለበትን ድንበር፣ ላለፈ ብቻ ይጠቀሙበት። ክብደቱ ከፀሐይ 10 እጥፍ ከሆነ አድማሱ ከመሐሉ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ መንኮራኩር ዞሮ መመለስ ይችላል፤ ታሪክዎም ልብ ሰቀላውን የሚያገኘው እዚያ መስመር ላይ ነው።

የቀሩት ቀላል ናቸው። የብርሃን ዓመት ርቀት ነው፤ አንዱ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ስለዚህ «በ40 የብርሃን ዓመት ርቀት» እንጂ «በፊት» አይባልም። ከዋክብትም በግዕዙ አረባብ በዝቶ የመጣ ነው፤ «ኦች» ሲጨምሩበት ሁለቴ ይበዛል። ወይ ከዋክብት፣ ወይ ኮከቦች።