ልጄ ፉቲ ተጫዋች መሆን ይፈልጋል ላሉት እናት፦ ከወጌሻ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅዎ በሰፈሩ ክለብ ፉቲ፣ ማለትም በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ ይጫወታል፤ አሰልጣኙ ዌስተርን ጄትስ ለሚባለው የታዳጊዎች ክለብ ሙከራ ሊልከው ፈልጓል፤ አባቱ ደግሞ «ይህ ሥራ አይደለም፣ ትምህርቱንም ያበላሽበታል» ብሎ ከልክሏል። እርስዎ በመሀል ቆመው ይህ ሙያ በእርግጥ ያኖራል ወይ፣ የእኛ ልጅ ሊደርስበት ይችላል ወይ፣ ጤናውስ ጾሙስ ምን ይሆናል ብለው ጠይቀዋል።

እኔ በምዕራብ ሜልቦርን ለዓመታት በወጌሻነት ሠርቻለሁ። የጀመርኩት በልጆች ክለብ ውኃ በማቀበል ነው፤ ኋላ በቪኤፍኤል ቡድን ውስጥ ገባሁ። ቪኤፍኤል ከአገሪቱ ትልቁ የፉቲ ሊግ ከኤኤፍኤል ቀጥሎ ያለው ውድድር ሲሆን፣ ለትልቁ ክለብ ፈርመው በዚያ ሳምንት ያልተሰለፉ ወጣቶች የሚጫወቱት እዚያ ነው። የራሴም ልጅ ከ18 ዓመት በታች በሚደረገው ሊግ አልፏል። ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱ በፋሻ እየታሰረለት ለአሰልጣኙ የማይናገረውን ለወጌሻው ይናገራል። የምነግርዎት ነገር አብዛኛው ከዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሰማሁት ነው።

ልጁን አይከልክሉት። አባቱ የሚፈራው ልጁ ሳይመረጥ ቀርቶ ጊዜው እንዳይባክን ነው፤ እኔ ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከተመረጠ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ናቸው። ብዙ ወላጆች በክለቦቹ ምርጫ የልጃቸው ስም እስኪጠራ ድረስ ይጸልያሉ፤ ስሙ ሲጠራ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላቸዋል።

በመጀመሪያ የትምህርቱን ነገር ላንሳ፤ ምክንያቱም አባትየው በዚህ ሊረጋጋ ይችላል። ዌስተርን ጄትስ የቪክቶሪያ ታዳጊዎች ሊግ ክለብ ነው፤ የኤኤፍኤል መልማዮች ልጆችን የሚከታተሉት በዋናነት በዚህ ሊግ ነው። ልምምዱ ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ጨዋታው ቅዳሜና እሑድ ነው። ለድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በየተራ አዳዲስ ልጆችን ለሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ፣ ለመቅረብ ልጁ በዚያው ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 18 ዓመት ሊሞላው ይገባል፤ ድራፍቱ የሚካሄደው ደግሞ በኖቬምበር ነው። ስለዚህ አብዛኞቹ ልጆች 12ኛ ክፍልን ጨርሰው፣ ፈተናቸውን ተፈትነው ነው ስማቸው የሚጠራው። መንገዱ ልጅዎን ከትምህርት ቤት አያስወጣውም። እንዲያውም ክለቦች የልጁን አስተማሪዎች ሳይቀር ስለ ጠባዩ ይጠይቃሉ፤ ቤት ድረስ መጥተው ከወላጅ ጋር የሚቀመጡም አሉ። ከመጡ ቡና አፍልተው ይቀበሏቸው፤ እርስዎም ያለ ፍርሃት ይጠይቋቸው።

ቁጥሩ ግን ጠባብ ነው። 18 የኤኤፍኤል ክለቦች አሉ፤ ታዝማኒያ 19ኛ ሆና በ2028 እንድትገባ ታቅዷል። እያንዳንዱ ክለብ ከ40 የሚበልጡ ተጫዋቾች ስለሚይዝ፣ በመላ አገሪቱ በዚህ ሙያ የሚተዳደሩት ወንዶች 800 ገደማ ናቸው። በዋናው ድራፍት በየዓመቱ የሚጠሩት ስሞች 60 ወይም 70 ገደማ ሲሆኑ፣ ከዚያ ውጭ ሩኪ ድራፍት በሚባለው ተጨማሪ ምርጫና በዓመቱ አጋማሽ ላይ በሚደረገው ምርጫ ጥቂቶች ይጨመራሉ። በታዳጊዎች ሊግ የተጫወተ ልጅ ሁሉ አይገባም፤ የሚበዙት አይገቡም። የእኔም ልጅ አልተጠራም። ዛሬ በሙያው እየሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታል፤ ከዚያ ሊግ ያገኛቸው ጓደኞቹም አሁን ድረስ ከጎኑ ናቸው።

የእኛ ልጅ ይደርስበታል ወይ ላሉት፣ በተግባር የታየ ነው። ለሃውቶርን የተጫወተው ቻንግኩዎት ጂያት ከደቡብ ሱዳን ቤተሰብ የተገኘ ሲሆን የተወለደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ያደገው በቪክቶሪያ ገጠር በጊፕስላንድ ነው። አሊር አሊር ኬንያ ውስጥ በካኩማ የስደተኞች ጣቢያ ተወልዶ፣ ለሲድኒ ከተጫወተ በኋላ ወደ ፖርት አደሌድ ተዛውሮ በ2021 የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገብቷል። ማጃክ ዳው በካርቱም ተወልዶ በግብፅ በኩል በ2003 እዚህ ሲደርስ ኳሷን አይቷት የማያውቅ ልጅ ነበር፤ በ2013 ለኖርዝ ሜልቦርን ተሰልፎ በኤኤፍኤል የተጫወተ የመጀመሪያው በሱዳን የተወለደ ተጫዋች ሆነ። ሴት ልጆች ያሏችሁም አትለፉት፤ የሴቶቹ ሊግ በ2017 ሲጀመር አኬች ማኩር ቹት ለፍሪማንትል ተሰልፋለች።

ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ክለቦች ለአገሪቱ ቀደምት ሕዝቦች ልጆችና ከአፍሪካ ወይም ከእስያ ለመጡ ቤተሰቦች ልጆች የሚያዘጋጁት የታዳጊዎች አካዳሚ አለ። እያንዳንዱ ክለብ የራሱ ክልል አለው። አሰልጣኙን «የእኛ ሰፈር በየትኛው ክለብ ክልል ነው?» ብለው ይጠይቁት። ለፍሌሚንግተንና ለኖርዝ ሜልቦርን ፎቆች ቅርብ የሆናችሁ ደግሞ፣ ኖርዝ ሜልቦርን ክለብ በአርደን ስትሪት ያቋቋመውን «ዘ ሀድል» የተባለ ማእከል እዩት። እዚያ ልጆች ከስፖርቱ ባሻገር በቤት ሥራቸው ይታገዛሉ፤ አበሻ ልጆችም አይጠፉበትም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ድራፍት ማለት ልጁ ክለብ ይመርጣል ማለት አይደለም፤ ክለቡ ነው ልጁን የሚመርጠው። ማክ አንድሩ በግብፅ ተወልዶ ቪክቶሪያ ውስጥ ያደገ፣ በሜልቦርን ክለብ አካዳሚ ውስጥ የነበረ ልጅ ነው፤ በ2021 ድራፍት ግን በ5ኛ ተራ የመረጠው ጎልድ ኮስት ስለሆነ ኩዊንስላንድ ሄደ። ልጅዎም በ18 ዓመቱ የአራት ሰዓት በረራ ርቀት ላይ ወዳለችው ፐርዝ ሊወሰድ ይችላል። ክለቡ ለአዲስ ልጅ የሚያስተናግደው ቤተሰብ ይፈልጋል፤ ቤተሰቦቹ ብዙውን ጊዜ ደጎች ናቸው። ሆኖም ልጁ ከእናቱ ማእድ፣ ከወንድሞቹ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለያል።

የመጀመሪያው ውል ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓመት ነው፤ በመጀመሪያው ዙር የተጠሩት ሦስት ዓመት ያገኛሉ። ዝግጅቱ ድራፍቱ በተጠናቀቀ ማግስት ይጀምራል። በበጋው ሙቀት ሩጫ፣ ክብደት ማንሳት፣ የቪዲዮ ስብሰባ፣ የምግብ ቁጥጥር፤ ጀርባው ላይ በታሰረው መሣሪያ የሮጠው እያንዳንዱ ሜትር ይመዘገባል። በሰፈሩ ከሁሉም የሚበልጥ የነበረ ልጅ ድንገት ከ40 ሰዎች መካከል የመጨረሻው ይሆናል፤ የሚገጥሙት የ28 ዓመት ጎልማሶች ናቸው። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ በቪኤፍኤል የሚያሳልፍ ብዙ ነው። በዚያ ላይ የታፋው ጡንቻ ቢሳብ ስድስት ሳምንት ይሄዳል፤ የጉልበቱ ጅማት ቢበጠስ አንድ ዓመት ገደማ ይሄዳል። ከሁለቱ ዓመት አንዱ እንደዚያ ሲያልፍ፣ ክለቡ ልጁን ሳያየው ውሉ ያልቃል ማለት ነው።

የውድድር ዓመቱ ሲያበቃ ክለቡ እያንዳንዱን ተጫዋች ቢሮ ጠርቶ ያነጋግራል። አንዱ ውሉ ይታደሳል፣ ሌላው ይቀነሳል። እነዚያን ሳምንታት አልወዳቸውም። በአንድ ዓመት፣ ከአፍሪካ ቤተሰብ የመጣ የ20 ዓመት ልጅ መቀነሱ ከተነገረው በኋላ ዕቃውን ሊወስድ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ያስጨነቀው ገንዘቡ አልነበረም። «ቤት ገብቼ ምን ብዬ ነው የማስረዳው?» አለኝ። እናቱ ልጇ ተጫዋች መሆኑን ለዘመድ ሁሉ ተናግራለች፤ ውል የሚባል ነገር እንደሚያልቅ ግን ማንም አልነገራትም። ልጁ አጥፍቶ የተባረረ እንዳይመስላት ነበር ፍርሃቱ። በአያት በቅድመ አያት ፉቲን የሚያውቅ ቤት ቢሆን አባትየው «እኔንም ቀንሰውኝ ነበር» ብሎ አቅፎ ያስገባው ነበር። በእኛ ቤት ይህ እውቀት የለም፤ እኔ የማዝነው በዚህ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ለልጅዎም ለዘመድም ይንገሩ፦ ይህ በውል የሚሠራ ሥራ ነው፤ ውሉ ሲያልቅ መውጣት ነውር አይደለም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በ2023 ተጫዋቾቹና ሊጉ የተስማሙበት የአምስት ዓመት ስምምነት አማካዩን ደመወዝ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር የሚያደርስ ነው። ነገር ግን አማካይ ነው፤ አንድ ሚሊዮን የሚያገኙት ከፍ ያደርጉታል። አዲስ የገባ ልጅ የሚያገኘው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ለአንድ የ19 ዓመት ወጣት ግን ብዙ ነው። የተቀነሰ ልጅ በቪኤፍኤል ወይም በገጠር ሊጎች በየጨዋታው ክፍያ እያገኘ ሊቀጥል ይችላል፤ ያ ድጎማ እንጂ መተዳደሪያ አይሆንም። የተጫዋቾች ማኅበሩ ለትምህርትና ለሙያ ሥልጠና ድጋፍ ስለሚሰጥ፣ ልጁ ውል ላይ እያለ በሳምንቱ ነፃ ቀን አንድ ኮርስ እንዲወስድ ይወትውቱት። ከተቀነሱት መካከል ቶሎ ሲያገግሙ ያየኋቸው ይህን ያደረጉት ናቸው።

የጭንቅላት ጉዳት ላይ ግን አልለሳለስም። ጉልበት ይጠገናል። በ2019 የሞተው የቀድሞው ታላቅ ተጫዋች ግራሃም ፋርመር አንጎሉ ተመርምሮ፣ ተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚያመጣው በሽታ ተገኝቶበታል፤ በ2020 በ38 ዓመቱ የሞተው የሪችመንዱ ሼን ተክም ላይ እንዲሁ። በ2021 ከሜልቦርን ጋር ዋንጫ ያነሳው አንገስ ብሬሾው በ2024 መጀመሪያ፣ ገና በ28 ዓመቱ፣ በሐኪሞች ምክር ጫማውን ሰቅሏል። ሊጉ አሁን ጥብቅ ነው፦ አንጎሉ የተናጋ የኤኤፍኤል ተጫዋች ቢያንስ 12 ቀን አይጫወትም፤ በሰፈር ክለቦች ደረጃ ደግሞ 21 ቀን ነው። ታዲያ ደንቡ የሚሠራው ልጁ እውነቱን ሲናገር ነው። ልጆች ይደብቃሉ፤ በተለይ መልማይ መጥቷል በተባለ ቀን። ዐይናቸው እየዋለለ «ደህና ነኝ» ያሉኝን ከሜዳ አስወጥቻለሁ፤ ከሜዳ ዳር አባት ሲጮህብኝም አልመለስኳቸውም። ልጅዎ ከጨዋታ መጥቶ ብርሃን ካስጠላው፣ ካስመለሰው፣ ወይም የጨዋታውን መጨረሻ ካላስታወሰ፣ ክለቡ ምንም አለ ምንም ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

ስለ ዘረኝነት አልጠየቁም፤ ሆኖም ይመጣል። ሊጉ ከ1995 ጀምሮ ደንብ አለው፤ ሆኖም ሁለት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የብራውንሎው ሜዳልያ የተሸለመው፣ የአገሪቱ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ አዳም ጉድስ በየሜዳው በጩኸት ተንገላትቶ በ2015 ጨዋታ አቁሟል፤ ሊጉ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2019 ነው። በልጆች ጨዋታ ላይ ከተመልካች የተወረወረ ስድብ እኔም ሰምቻለሁ። ልጅዎ ከሰማ በጨዋታው ቀን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል ጽፈው ለክለቡ ኃላፊ ይስጡ። ልጁ ራሱ መልስ ሰጥቶ ከወጣ የሚቀጣው እሱ ይሆናል።

ጾሙን ከጠቀሱት አይቀር፣ ባሻር ሁሊ አጥባቂ ሙስሊም ሆኖ ከሪችመንድ ጋር በ2017፣ በ2019 እና በ2020 ዋንጫ አንሥቷል። ለክለቡ የምግብ ባለሙያ ቀድሞ መንገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለዐቢይ ጾም ሽሮና ምስር እያላችሁ ምን ትጨነቃላችሁ።

ለሙከራው ቀን፣ እርስዎ ወይም አባቱ አብራችሁት ሂዱ። አባቱ ቢሄድ ይሻላል፤ ልጁን ሲሮጥ አይቶት አያውቅም ብለዋልና። በዚያ ሰሞን ወኪል ነኝ የሚል ሰው ሊቀርባችሁ ይችላል፤ በጨዋ ቃል ተቀብላችሁ ስሙን ያዙ፣ ከዚያ የተጫዋቾች ማኅበሩ ፈቃድ የሰጠው መሆኑን አጣሩ። እስከዚያ ድረስ ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ ልጁም ለብቻው እንዳይፈርም ንገሩት።