ደጋው ላይ ምን ዘነበ?

ይድረስ ለእናንተ፣ በከተማ ፕላን፣ በውሃ፣ በዲዛይንና በመንግሥት ሥራ ገና ጀማሪ ለሆናችሁ ልጆች፤

ባለፈው ወር ከመካከላችሁ አንዷ ከዚራ ሰፈር ሻይ ስጠጣ አግኝታኝ፣ «ጋሼ፣ ድሬዳዋ ከ25 ዓመት በኋላ ምን ትመስላለች?» አለችኝ። «እኔ እንጃ» አልኳት። ቅር አላት። ዕድሜውን ሙሉ ከተማ ሲቀይስ የኖረ ሽማግሌ «እኔ እንጃ» ብሎ ወደ ሻዩ ሲመለስ ማየት ደስ እንደማይል ይገባኛል። ወዲያው ሌላ ሰው መጥቶ ጨዋታችን ተቋረጠ። የቀረውን መልስ ይኸው ጻፍኩት።

ደቻቱን ታውቁታላችሁ። ከዚራንና መጋላን ለሁለት የሚከፍል፣ አብዛኛውን ዓመት ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ግመል የሚያቋርጠው፣ አሸዋ የሚጫንበት ደረቅ ሜዳ ነው። ወንዝ ነው ስትሉት እንግዳ ይስቃል። ድሬ ላይ ግን ሰማዩ ኮከብ ሞልቶበት፣ ጠብ ያለ ነገር ሳይኖር፣ ውሃው ሊመጣ ይችላል። እኛ ያለነው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ውሃው የሚነሳው በደንገጎና በሐረማያ በኩል ወደ 2,000 ሜትር ከሚጠጋው ደጋ ነው። እዚያ የወረደው ዝናብ እዚህ እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ አለ። ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ስለዚያች ጥቂት ጊዜ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ቀያሽ ሳለሁ፣ በደቻቱ ዳር ሊሠራ ለታሰበ የቤት ረድፍ ከፍታ እንድለካ ተላክሁ። መሣሪያዬን ተክዬ ስለካ፣ ጥግ ላይ ሳምቡሳ የሚጠብሱ እናት ሥራዬን ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ አንድ ሌሊት ውሃው እስከዚህ መጥቶ ነበር» ብለው የአንዱን አሮጌ ግንብ ወገብ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ለካሁት። ከመሬቱ አንድ ሜትር ከሃያ ነበር። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ቢሮ ገብቼ ቅጹን ስሞላ ግን ለእሳቸው መዳፍ የሚሆን ቦታ አጣሁ። ቅጹ የሚጠይቀው አማካይ ዝናብን ነው፤ አማካይ ዝናብ ደግሞ ሰው ገድሎ አያውቅም። አለቃዬ ዘንድ ቀርቤ የሴትየዋን ነገር ባነሳለት፣ «ይሄ መረጃ ነው ወይስ ወሬ?» አለኝ። «ወሬ ነው መሰለኝ» አልኩት።

ቤቶቹ ተሠሩ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሌሊቱን ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠር ቤቱን አጣ። ጠዋት እዚያ ስደርስ የቤቱ ረድፍ በነበረበት ቦታ ያለው አሸዋ ብቻ ነበር። ያን ሌሊት ደጋው ላይ ዝናቡን ያየ፣ በቤቱ ጣሪያ ላይ ድምፁን የሰማ ሰው መኖሩ አይቀርም። «ወሬ ነው መሰለኝ» ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ መጪው ጊዜ የሚያጠኑ ሰዎችን ጽሑፍ ማገላበጥ የጀመርኩት። መጀመሪያ ጠንቋይነት መስሎኝ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ፒየር ዋክ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሼል የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ሴናሪዮ ያዘጋጅ ነበር፤ ማለትም ለኩባንያው ኃላፊዎች አንድ ትንበያ ሰጥቶ እንደመቀመጥ፣ ሊመጡ የሚችሉ የተለያዩ ዓለሞችን በታሪክ መልክ ያቀርብላቸዋል። ነዳጅ አምራቾቹ አገሮች ዋጋ ቢያንሩስ የሚለው ታሪክ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ነገሩ ደረሰ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው አራት እጥፍ ሆነ። ሼል ነገሩን አስቀድሞ አውጥቶ አውርዶት ስለነበር ከብዙዎቹ ተፎካካሪዎቹ ያነሰ ደነገጠ።

እኔን የያዘኝ ግን ነዳጁ አይደለም። ዋክ ሥራውን ሲያስረዳ የጋንጀስን ወንዝ ምሳሌ ያደርግ ነበር፦ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ከባድ ዝናብ ከወረደ፣ ከቀናት በኋላ ታችኞቹ ከተሞች ምን እንደሚገጥማቸው መናገር ትንቢት አይደለም፤ ዝናቡ ወርዷል፣ የቀረው መድረሱ ነው። ይህን ሳነብ ደብተሬን ዘጋሁ። ፈረንሳዊው ስለ ደቻቱ የሚያወራ ነው የመሰለኝ።

እንግዲህ ከእኔ የምትወስዱት አንድ ነገር ካለ ይህ ነው። ማንኛውንም ፕላን ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ለዩ። አንዱ «ደጋው ላይ ምን ዘንቧል?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ቢሆንስ?» ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው ጥፋት የሚመጣው፤ የዘነበውን «ማን ያውቃል፣ ኢንሻአላህ» እያልን እንተወዋለን፣ የማይታወቀውን ደግሞ እስከ ነጥብ ሁለት አሃዝ ድረስ እንተነብያለን።

የዘነበውን ልቁጠርላችሁ። በ2035 ዓ.ም. የ20 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ሥራ ስጡኝ የሚላችሁ ልጅ ተወልዷል፤ አሁን መጋላ ውስጥ እየሮጠ ነው። የትምህርት ቤቱንና የሥራውን ቁጥር ለማወቅ ኮከብ ቆጣሪ አያሻም፤ የክትባት መዝገብ ይበቃል። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር ነው የሚወጣው። ለከተማዋ ውሃ የሚቀዳባቸው የሳቢያን ጉድጓዶች ናይትሬት የሚባል፣ ከቆሻሻ የሚሰርግ ጎጂ ንጥረ ነገር እንደበዛባቸው ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ከዓመታት በፊት በየግቢው የተቆፈረው ሽንት ቤት ነው። ዛሬ የሚቆፈረውም መልሱን የሚሰጠው ለእናንተ ልጆች ነው። ያ ዝናብ ወርዷል።

ሐረማያን ደግሞ እዩ። እኔ በወጣትነቴ ወደ ሐረር ስወጣ ከመኪናው መስኮት ሰፊ ውሃ አይ ነበር። ሐረር፣ አወዳይና ሐረማያ የሚጠጡት ከዚያ ነበር። ገበሬው ጫቱንና አትክልቱን ለማጠጣት በፓምፕ ይስባል፣ ከተማው ይስባል፣ ከተራቆተው ኮረብታ ደለል ይገባል። ሐይቁ በአንድ ሌሊት አልጠፋም። ዓመት በዓመት ዳሩ ሲሸሽ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ያየዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀና የውሃ ማጣሪያው ደረቅ መሬት አጠገብ ተገትሮ ቀረ፤ ሐረር ጄሪካን ይዛ ወረፋ ገባች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል የአገራችን ሰው። በኋላ ከድሬዳዋ በኩል ቆላው ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው በፓምፕ ያን ሁሉ ዳገት ወደ ሐረር መውጣት ጀመረ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ መመለስ መጀመሩ ደስ ያሰኛል፤ ቢሆንም ማንም «ተመልሷል» ብሎ እንዳይዘናጋ እመክራለሁ።

«ቢሆንስ?» የሚለው ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። እዚህ ላይ የምታውቁትን በሽታ ልንገራችሁ። ሦስት ሴናሪዮ ይዘጋጃል፦ ጥሩ፣ መጥፎ፣ መካከለኛ። ስብሰባው መካከለኛውን ይመርጥና ምሳ ይበላል። ስለዚህ ሦስት አታቅርቡ። ጂም ዴተር የሚባል በሃዋይ ያስተማረ ምሁር አራት ዓይነት መጪ ጊዜ ይለያል፦ ዕድገቱ የሚቀጥልበት፣ ነገሩ የሚፈርስበት፣ ሕዝብ ራሱን በሥርዓት የሚገድብበት፣ ጨዋታው ራሱ የሚለወጥበት። ለድሬና ለሐረር ውሃ ሞክሩት። በመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠናውና ፋብሪካዎቹ ይሰፋሉ፣ ጉድጓዱም ይበዛል። በሁለተኛው ጉድጓዶቹ እየራቁ ይሄዱና ሁለቱ ከተሞች ከአንድ መሬት ሥር ሲሻሙ ይገኛሉ። በሦስተኛው እያንዳንዱ ፓምፕ ይለካል፣ ያለ ጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ የግንባታ ፈቃድ አይሰጥም። አራተኛው ከባድ ነው፤ ሰው ሁሉ ይዘለዋል።

አራተኛውን እንዳትዘሉት የራሳችን ታሪክ ይመክራችሁ። ባቡሩ ከጅቡቲ ሲነሳ ሐረር ይደርሳል ተብሎ ነበር። ተራራው አስቸገረና መስመሩ በቆላው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተወለደች። ለዘመናት የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ የነበረችው ሐረር ንግዷ ወደ ታች ሲወርድ አየች። ድሬም በተራዋ «ባቡር እስካለ እኛ አለን» ብላ ኖረች። የድሮው ባቡር እየተዳከመ ሄዶ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መስመር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቆመ። አዲሱ በመስከረም 2009 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረ ጎረቤቴ ትኬት ለመቁረጥ ባጃጅ ተኮናትሮ ሲሄድ፣ «እኔ ባቡር ግቢ ውስጥ ነው የተወለድኩት እኮ፣ አቦ!» እያለ ይማረራል። ስለዚህ «የጅቡቲ መንገድ ዋና መንገድ መሆኑ ቢቀርስ?» ብላችሁ ብትጽፉ አለቃችሁ ሊቆጣ ይችላል። ጻፉት።

በክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥም ከዘዴው እኩል ያሳስበኛል። ጃፓን ውስጥ ያሃባ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ነዋሪዎችን ሰብስበው ከፊሎቹን «እናንተ በ2060 የምትኖሩ ሰዎች ናችሁ» አሏቸው፤ ለዚሁ የሚለበስ ካባ መሰል ልብስም አለበሷቸው። በዛሬው ሰውነታቸው የተቀመጡት ስለ ዛሬ ጥቅማቸው ሲያወሩ፣ ካባ የለበሱት ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ላይ ጠንከር አሉ። ከተማዋም የውሃ መስመሯን ለማደስ ስትል ታሪፍ ወደ መጨመር ሄደች። ውሃ ላይ ታሪፍ ጨምሩ ብሎ የሚለምን ሕዝብ እኔ በዘመኔ አላየሁም! እዚህ ካባ አያስፈልግም፤ ጋቢ ወይም ሽርጥ ይበቃል። በጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከፊራ ገበያ ከሚሸጡ ጥቂት ሴቶች ጋር እንዲሁ ሞክሬው ነበር። የ2060 አያቶች ሁኑ ስላቸው መጀመሪያ በሳቅ ፈረሱ። ቆይተው ግን አንዷ፣ «ሁሉም ጥሩ፤ ደጋው ላይ ዝናብ ሲከብድ እዚያ ያለው ሰው ለማን ነው የሚደውለው? ስልኩ ማን እጅ ነው?» አለች። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በተቀመጥኩበት ስብሰባ ይህን ያህል የሚረባ ጥያቄ አልሰማሁም።

ጥያቄዋ የተደበቀውን ችግር ጎትቶ አወጣው። ደጋው በኦሮሚያ ሥር ነው፣ ድሬዳዋ ራሷን የቻለች አስተዳደር ናት፣ ሐረርም የራሷ ክልል አላት። ዝናቡ ሦስቱንም በማኅተም አያልፍም። በጽሕፈት ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩት ሴናሪዮ ደጋ ላይ ያለውን ገበሬና የልማት ሠራተኛ ካላካተተ ግማሽ ነው። በየሴናሪዮው ሥር ደግሞ ይህን ጻፉ፦ የትኛው ምልክት ሲታይ፣ ማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ምን ያደርጋል። ይህ የሌለው ሰነድ ለመደርደሪያ ማጌጫ ነው፤ እኔም ስንት አጊጬበታለሁ። ሹም በተቀየረ ቁጥር ሰነዱ አብሮ እንዳይቀየር ፊንላንዶች ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓርላማቸው ውስጥ የመጪው ጊዜ ኮሚቴ አላቸው፤ ዌልስም እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ መጪው ትውልድ ሕግ አውጥታለች። እኛ ቢያንስ የቀበሌ መዝገብ ላይ ስም ማስፈር አያቅተንም።

ዲዛይነሮች ለሆናችሁ አንድ ቃል ልጨምር። ሰው በቁጥር አይደነግጥም። ሱፐርፍላክስ የሚባል የለንደን የዲዛይን ቡድን ለኤሚሬትስ ባለሥልጣናት የወደፊቱን የተበከለ አየር አዘጋጅቶ አሽትቷቸው ነበር። እናንተም ለስብሰባው የውሃውን የኖራ መጠን ሠንጠረዥ ከምትዘረጉ፣ ብርጭቆ ውስጥ የጉድጓዱን ውሃ ቅዱና አጠገቡ የአንዲት እናትን ማንቆርቆሪያ፣ ሆዱ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የጋገረውን፣ አስቀምጡት። «ይጠጡ» አትበሉ፤ ዝም ብላችሁ ጠብቁ።

ያቺ ልጅ እንግዲህ ይህን ካነበብሽ፣ ደብተሬ አሁንም አለ፤ አንድ ሜትር ከሃያው እንደተጻፈ ነው። መሣሪያ ይዘሽ፣ ጓደኞችሽን አስከትለሽ ነይና ዛሬ በደቻቱ ግራና ቀኝ ከዚያ ከፍታ በታች ስንት በር እንዳለ እንቁጠር። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ድልድዩ አጠገብ እጠብቃችኋለሁ። አትዘግዩ፤ ከ3 ሰዓት በኋላ የድሬን ፀሐይ እኔ አልችለውም።