መሪው ራሱ ሲዞር እግርህ ፍሬን ላይ ይሁን፦ ጥያቄና መልስ ለጅማ ሾፌሮች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚይዙ ወዳጆች በዝተዋል። ከመኪኖቹ አንዳንዶቹ መሪ ራሳቸው እያዞሩ መንገድ ዳር፣ በሁለት መኪና መሃል ይቆማሉ። «እንዴት ነው? ይታመናል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ስለሆነ የመጡልኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ (ከሄርማታ)፦ እውነት መኪናው ራሱ ነው የሚያቆመው? እኔ ዝም ብዬ ልቀመጥ?

መልስ፦ ዝም ብለህማ አትቀመጥም። ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው መሪውን ብቻ ያዞርልሃል፤ ማርሽ፣ ነዳጅና ፍሬን ያንተ ነው። ሁለተኛው ሁሉንም ይሠራል፤ አንተ ትከታተላለህ። የትኛው እንዳለህ ሳታውቅ መንገድ ላይ አትሞክረው። መሪ ብቻ የሚያዞረውን ይዞ «ራሱ ይቆማል» ብሎ እግሩን ከፍሬን ያነሳ ሰው የኋለኛውን መኪና ፓራውርት ይዞ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ቦታው እንደሚበቃው በምን ያውቃል?

መልስ፦ በፓራውርቱ ላይ ያሉት ክብ ክብ ነገሮች ሴንሰር ናቸው። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካሉ፤ ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ርቀቱን ያሰላሉ፣ እንደ ሌሊት ወፍ። ቀስ ብለህ ስታልፍ በጎን ያሉት ክፍተቱን ይለካሉ። አዲሶቹ ካሜራም ይጨምራሉ። ነገሩ ቶዮታ በ2003 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ፕሪየስ ላይ ካወጣው ጀምሮ ያለ ነው።

ፍለጋው ላይ አትቸኩል። ከቆሙት መኪኖች አንድ ሜትር ገደማ ራቅ በል፤ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ንዳ፤ ፍሬቻ ወደምትቆምበት ጎን አብራ። ክፍተቱ ከመኪናህ ርዝመት ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ይብለጥ። አንዳንዱ መኪና በትንሽ ትርፍ ይገባል፤ አንዳንዱ ከዚህም ይበልጥ ይፈልጋል።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ የእኛ መንገድ ዳር ቦይ ነው። ቦዩን ያየዋል?

መልስ፦ ከመጡት ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው። በሴንሰሩ ከተማመንክ መልሱ «አያየውም» ነው።

ለምን? ሴንሰሩ የተቀመጠው ጉልበት አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ድምፁን የሚልከው ወደ ጎን እንጂ ወደ መሬት አይደለም። ግድግዳ ካለ ድምፁ ይመለሳል። መኪና ካለ ይመለሳል። ጉድጓድ ግን ምንም አይመልስም። ለመኪናው ምንም አለመመለስ ማለት «ነፃ ነው፣ ግባ» ማለት ነው። እኛ ጎማችን ገብቶ ሰው ሰብስበን የምናወጣበት ቦይ ለእሱ ሰፊ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ቦዩ በውሃ ይሞላል ወይም ሣር ይሸፍነዋል፤ ያን ጊዜ አንተም አታየውም፣ ካሜራውም አያየውም።

ሌላም አለ። ብዙው ሲስተም መስመሩን የሚይዘው ከጎረቤት መኪኖች ነው። የፊተኛው መኪና ግማሽ ጎማውን እግረኛ መንገድ ላይ ሰቅሎ ከቆመ፣ ያንተም ያንኑ ይከተላል። ቸርኬህን ጠርዙ ላይ ያሻሸዋል። የፊተኛው ጠማማ ከሆነ አንተም ጠማማ ትቆማለህ።

ስለዚህ ክዳን የሌለው ቦይ አጠገብ እኔ ይሄን ነገር አልጠቀምም። በእጄ አቆማለሁ። የግድ ከሆነ መጀመሪያ ወርደህ እይ፤ የቀኙን ስፖኪዮ የኋላ ጎማውን እስክታይበት ዝቅ አድርገው፤ ጎማው ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ፍሬን ያዝ። መሪውን ስትይዘው ሥራውን ያቋርጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ሥራውን አቋረጠ ማለት መኪናው ቆመ ማለት አይደለም። መሪ ብቻ በሚያዞሩት ላይ ማርሹ አሁንም የኋላ ነው፤ መኪናው መሄዱን ይቀጥላል። ቅድሚያ ፍሬን፣ ከዚያ መሪ።

ጥያቄ፦ ሌላስ የማያየው ምን አለ?

መልስ፦ ቀጭን ብረት፣ ሽቦ፣ ገመድ፣ ሰንሰለት። ለስላሳ ነገርም ድምፁን ይውጠዋል፤ መንገድ ዳር የተደረደረ የቡና ጆንያ ላይ እንዳትተማመን። ዝቅ ያለ ድንጋይ መኪናው ሲጠጋ ከሴንሰሩ በታች ይቀራል። አይሱዙና ሲኖትራክ ደግሞ የካሶናቸው ጫፍ ከፍ ብሎ ወጣ ያለ ነው። ሴንሰሩ ከሥር አልፎ ጎማውን ይለካና «ገና ነው» ይላል፤ ኋላህ ግን ካሶኑ ጋ ደርሷል። ከጭነት መኪና አጠገብ ስትቆም በዓይንህ ለካ።

ሰውና ከብት ያይልኛል ብለህማ ጭራሽ አትተማመን። በኤሌክትሪክ መኪና ወደ ኋላ ስትሄድ ድምፅህ ትንሽ ነው። ሕፃን ልጅ ዞር ብሎ አያይህም።

ጥያቄ (ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ ከመርካቶ)፦ እነዚህ መኪኖች ድንገት አፍንጫቸውን ወደኛ ያወጣሉ። ምን ጉድ ነው?

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ። መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ወደ ቀኝ ሲገባ ግንባሩ ወደ ግራ፣ ወደ መንገዱ መሃል ይወጣል። በእጅ ሲቆምም ያው ነው። ልዩነቱ፣ ሾፌሩ በእጁ ሲያዞር ዙሪያውን ያያል፤ መሪው ራሱ ሲዞር ግን ስክሪኑ ላይ ይፈዛል። ሴንሰሩ ደግሞ በፍጥነት የሚመጣ ባጃጅን ቀድሞ እንዲያይ አልተሠራም። ከጥቂት ሜትር አይዘልም።

ለሾፌሮች፦ ከኋላህ ያለውን ባጃጅ አሳልፈህ ጀምር። መሃል ላይ የሚመጣ ካለ ቁም። ብዙዎቹ ሲስተሞች ለአጭር ጊዜ ፍሬን ብትይዝ ይጠብቁሃል። ቢያቋርጥስ ምን ይሆናል? ትደግመዋለህ። የሚነፋብህ ጡሩምባ አያስደንግጥህ።

ጥያቄ፦ የፓርኪንግ ልጆች «ና! ና! ቁረጠው!» ሲሉኝ እነሱን ልስማ ወይስ መኪናውን?

መልስ፦ ሳቄን አመጣኸው። ሁለቱን እኩል አትስማ፤ ያደናግሩሃል። ልጁ ቦዩን ያያል፣ መኪናው አያይም፤ ልጁ መሪ እንድትቆርጥ ሲነግርህ ግን መኪናው የራሱ ስሌት አለው። እኔ መስኮት ዝቅ አድርጌ «መሪውን ተወው፣ ቁም ስትለኝ ብቻ እቆማለሁ» እለዋለሁ። ገብቶት ይስቃል። ከኋላህ ባለው ክፍተት ውስጥ ግን አታስቁመው። በስፖኪዮ የምታየው ቦታ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ይቁም። ከዓይንህ ከጠፋ ቁም።

ጥያቄ (ከግንጆ)፦ መሪው ሲዞር እጄን የት ላድርግ? ሻሽና ረጅም ሂጃብ ነው የምለብሰው።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። መሪው በጣም ፈጥኖ ይዞራል። ጣት በመሪው ክፍተት ውስጥ ካለ ይጎዳል። ሂጃብ፣ ነጠላ፣ ሻሽ ጫፉ መሪው ላይ ከወደቀ ይጠመጠማል። ከመጀመርሽ በፊት ጫፉን ወደ ኋላ መልሺው። እጅሽን ጉልበትሽ ላይ፣ ለመሪው ቅርብ አድርጊ። እግርሽ ፍሬን ላይ።

ጥያቄ፦ ሴንሰሩ ዝናብ ላይ ዝም ብሎ ይጮኻል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ጭቃውን ጥረግ። የኛ ቀይ ጭቃ ከገጠር መንገድ ስትመለስ ሴንሰሩን ይሸፍነዋል። የተሸፈነ ሴንሰር ወይ ያለምክንያት ይጮኻል ወይ ጭራሽ አይሰማም። ሁለተኛው ነው የሚያስፈራው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፤ በብረት ወይም በሻካራ ነገር አትፋቀው። ላቫጆ ላይ የውሃውን ግፊት ሴንሰሩ ላይ አቅርበው እንዳይለቁበት ንገራቸው።

የትልቅ መኪና የአየር ፍሬን፣ የሞተር ሳይክል ድምፅና ከባድ ዝናብም ይረብሹታል። ተጋጭቶ ፓራውርቱ በስቱኮ ከተሞላ ወይም ሴንሰሩ ላይ ወፍራም ቀለም ከተቀባ ደግሞ ልክ አይለካም። ከቀለም ቤት ስታወጣው ወዲያው መንገድ ላይ አትመነው። የጎማ ቁጥር ከቀየርክም ስሌቱ ይዛባል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ የሚያወራው በቻይንኛ ነው። ምን እንደሚለኝ አይገባኝም።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሸሸገው ችግር ነው። ያልገባህን ትእዛዝ ገምተህ አትጫን። ስልክህ ላይ ባለ የካሜራ ትርጉም ስክሪኑን አንብብ፤ «ቁም»፣ «የኋላ ማርሽ»፣ «የፊት ማርሽ»፣ «ተቋርጧል» የሚሉትን አራቱን ለይተህ ያዝ። ከዚያ የሁለት ጓደኞችህን መኪና ይዘህ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ሂድና መሃላቸውን ሰፋ አድርገህ ተለማመድ። መጀመሪያ የምትለማመደው ማስገባቱን ሳይሆን መሃል ላይ ማስቆሙን ይሁን።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለኝ። ጋራዥ ላስገጥመው እችላለሁ?

መልስ፦ የሚጮኸውን ሴንሰርና የኋላ ካሜራ ማስገጠም ትችላለህ፤ በእኔ እምነት ለጅማ እሱ ይበቃል። መሪ የሚያዞረውን ግን ተወው። ከመሪውና ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር ተጣምሮ ከፋብሪካ የሚመጣ ነገር ነው።

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ አባቴ አንገታቸውን ማዞር ይከብዳቸዋል። ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ መሪ ማዞሩን ያቀልላቸዋል፣ መመልከቱን ግን አይተካላቸውም። አብሯቸው የሚሄድ ሰው ቀድሞ ወርዶ የኋላውን ይጠብቅላቸው። ብቻቸውን ከሆኑ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ወደ ፊት ነድተው የሚገቡበት ሰፊ ቦታ ይፈልጉ። ከውጭ ሆነው በስልክ መተግበሪያ ወይም በቁልፍ የሚያቆሙትን ዓይነት መኪና ሊሸጥላቸው የሚመጣ ካለም ቀስ ይበሉ። ከውጭ ቆሞ ማስገባት የሚቻልባቸው አሉ፤ ሾፌሩ መኪናውን ዙሪያውን ካላየ ግን ከውስጥ ካለው ይብሳል።

ጥያቄ፦ ስወጣስ ይረዳኛል?

መልስ፦ አንዳንዱ ይረዳል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያለ መውጫ ይከፍትልህና መሪውን ያስረክብሃል። መንገድ ውስጥ መግባቱ ያንተ ነው። የግራ ፍሬቻ አብራ፣ ስፖኪዮህን እይ፣ ዞር ብለህም እይ። የሚመጣ ባጃጅ ካለ ይለፍ።